የሰፋሽው ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቀር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «46 ዓመቴ ነው፣ የምሰፋው ለትርፍ ጊዜ ነው። ግን ማሽኑ ላይ የምቀመጠው የልጆቼንና የባሌን ልብስ ለመጠገን ብቻ ሆኗል። ለራሴ የሰፋሁት ደግሞ አንዴ ለብሼው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሰውነቴም ተለውጧል፣ ምን እንደሚያምርብኝ ጠፋኝ። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን ማሽን) ብገዛ ይሻል ይሆን?» ነው ያልሽው። በአንድ ትንፋሽ ብዙ ነው የጠየቅሽው፣ መልሴም ይረዝማል፤ ታገሺኝ። እኔ ሃምሳን አልፌያለሁ፣ እንደ አንቺ ስለምወደው ነው የምሰፋው፣ ቤቴም ከሰው ተለይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን ተዪውና የሚታጠብ ልብስ የምታጠራቅሚበትን ቅርጫት እዪ። ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው «አንድ ቀን እለብሰዋለሁ» የምንለው ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ግን የለበስነው ነው፤ አይዋሽም። ለጥቂት ሳምንታት ልብስ በምታጥቢበት ቀን የራስሽን ለይተሽ አውጪና አስተውዪ። የትኛው ቶሎ ቶሎ ይመለሳል? አንገቱ ክብ ነው ወይስ ኮሌታ አለው? እጅጌው የት ይደርሳል? ኪስ አለው? ጨርቁ ይሳባል? ይህንን ጻፊው። የአንቺ ስታይል እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

እኔ ራሴን ቀሚስ ወዳድ አድርጌ ነበር የማስበው። ቅርጫቱ ግን ሰፋ ባለ ሱሪና ዳሌ ላይ በሚያርፍ ሸሚዝ ተሞልቶ ተገኘ። እጅጌው ሁሉ ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚቆም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዕቃ ሳጥብ አይረጥብም፣ በየደቂቃው መሰብሰብም አያስፈልገውም። ጥቁር የሚባል ነገር የለም። መደርደሪያዬ ላይ ግን ጥቁር ጨርቅ ተከምሯል!

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ጨርቅ ስንገዛ በዓይናችን የሚመጣው ግብዣ ነው። የሚያብለጨልጭና የሚንሸራተት ጨርቅ ያማልላል። አብዛኛው ቀናችን ግን ሥራ፣ ልጅ ማመላለስና ኩሽና ነው። ለዚያ ቀን ካልሰፋሽ፣ የሰፋሽው ልብስ የሚለበስበት ቀን አይመጣም። እኔ ፏ ማለት አልጠላም፣ ግን ማክሰኞ ጠዋትም ፏ ማለት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ከቅርጫቱ ውስጥ በጣም የምትወጂውን አንዱን ምረጪና እሱን የሚመስል ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ፣ ያዢ። ልክሽ እስኪሆን አስተካክዪው። ከዚያ በኋላ እሱኑ ደጋግመሽ ስፊ። አንዴ በጥጥ፣ አንዴ በሊነን፣ አንዴ ኮሌታውን አውጥተሽ፣ አንዴ አስረዝመሽ ቀሚስ አድርጊው። ሰው ያው ፓተርን መሆኑን አያውቅም፤ ቢያውቅስ? በየጊዜው አዲስ ፓተርን የሚያሳድድ ሰው በየጊዜው እንደ አዲስ ልክ ሲያስተካክል ይኖራል።

ኪስም አትርሺ። በጎን ስፌት ውስጥ የሚገባ ኪስ ለማንኛውም ቀሚስ ወይም ጉርድ መጨመር ይቻላል። እጅ ማስገቢያው ከ15 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው እጅ ይበቃል። የፊት ለፊቱን ጠርዝ በካውያ በሚለጠፍ ማጠንከሪያ ወይም በቀጭን ጥብጣብ ብታጠነክሪው፣ ስልክ ሲገባበት ወደ ታች አይዘረጠጥም።

አሁን ወደ ሰውነት ጉዳይ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚህ ዕድሜ ወገብ ይሰፋል፣ ጡት ዝቅ ይላል፣ ላይኛው ጀርባ ትንሽ ይጎብጣል፣ ትከሻም ወደ ፊት ይመጣል። የትከሻ አጥንት ስፋት ግን ብዙም አይለወጥም። አብዛኞቻችን ጡታችንን ለክተን በዚያ መጠን ፓተርን እንመርጣለን። ጡት ይገባል፣ አንገቱና ትከሻው ግን ይንዘላዘላል። ከዚያ «እኔ ቅርጽ የለኝም» እንላለን። ቅርጽሽ ምንም አልሆነም።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ትልልቆቹ የፓተርን አሳታሚዎች የሴቶችን ፓተርን በአብዛኛው የሚነድፉት ለቢ ካፕ፣ ማለትም ለመካከለኛ መጠን ጡት ነው፤ ቁመቱንም ከ165 እስከ 168 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርገው ያስባሉ። ሜትሩን ብብትሽ ሥር አሳልፈሽ ከጡት በላይ ያለውን ደረትሽን ለኪ። ቀጥሎ ጡትሽን፣ በጣም ወጣ ባለው ቦታ ላይ ለኪ። ልዩነቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ መጠኑን ከላይኛው ደረትሽ ተነስተሽ ምረጪ። ከዚያ የፊቱን ፓተርን ብቻ ጡት ላይ ቀደሽ ከፍተሽ ስፋት ጨምሪበት። ትከሻው ልክ ይሆናል፣ ጡትም ቦታ ያገኛል። ይህች አንዷ ለውጥ ብቻ ስንቱን ልብስ ከቁም ሳጥን አውጥታልኛለች።

ዳርት ያለው ልብስ ከሆነ፣ ማለትም ቅርጽ እንዲይዝ ጨርቁ እየሾለ ታጥፎ የተሰፋበት ከሆነ፣ የዳርቱ ጫፍ የት እንደሚያርፍ እዪ። ጫፉ ወደ ጡትሽ አናት መጠቆም አለበት፣ ግን ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይቁም። ፓተርኑ ላይ ያለው ለወጣት ጡት የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ማውረድ ከባድ አይደለም። የምትለብሺውን ጡት መያዣ አድርገሽ ለኪውና ዳርቱን እንዳለ ወደ ታች አንሸራትተሽ ሳዪው።

ሸሚዝሽ ወደ ኋላ እየሄደ ጉሮሮሽን የሚያንቅሽ ከሆነ ደግሞ፣ የትከሻውን ስፌት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት አምጪው። ላይኛው ጀርባ ለጎበጠ ሰው ደግሞ የኋላውን ፓተርን ከማጅራት በታች በርዝመት ጥቂት መጨመር ነው።

መስታወት ፊት ቆመሽ «አያምርም» ብለሽ አትለፊው። መጨማደዱን አንብቢው። ጨርቁ የጠበበበት ቦታ ላይ መስመሩ ተወጥሮ ወደዚያው ይጠቁማል። ከብብት ወደ ጡት የሚሄድ የተወጠረ መስመር ካየሽ ጡት ላይ ጠቧል። ሳይወጠር ተጣጥፎ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ እዚያ ጨርቅ ተርፏል፤ በስፒል ያዢና ምን ያህል እንደሆነ ለኪ። ለሙከራ ያረጀ አንሶላ ይበቃል። አንሶላ ግን ደረቅ ነው። የመጨረሻው ልብስ በቪስኮስ የሚሰፋ ከሆነ፣ ሙከራውንም በሚወርድና በሚለሰልስ ርካሽ ጨርቅ አድርጊው፤ አለበለዚያ አንድ ፓተርን ሁለት ዓይነት ልብስ ይሆንብሻል።

ስለ ጨርቅ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ከመቁረጥሽ በፊት፣ በኋላ በምታጥቢበት መንገድ እጠቢው። ጥጥም፣ ሊነንም፣ በተለይ ቪስኮስ፣ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባሉ። የሚሳብ ጨርቅ ላይ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን መርፌ አድርጊ። ማሽኑ ስፌት ሲዘል ብዙ ሰው ማሽኑን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመርፌው ነው።

ቀለም ላይ እኔ ደንብ አላምንም። «በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ አይለበስም» የሚለውን ወሬ ጭራሽ አልሰማውም። ግን ፀጉር ሲሸብት ፊት ላይ የሚያርፈው ቀለም ይለወጣል፣ ይህ እውነት ነው። ጨርቅ ስትመርጪ አንገትሽ ሥር ይዘሽ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ እዪው። ፊትሽ የደከመ ከመሰለ ያንን ቀለም ለሱሪ አድርጊው።

ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። ጥገና ጠላት አይደለም፣ ድንበር የለሽ ሲሆን ነው ችግሩ። እኔ ቤት አንድ ቅርጫት አለ፣ ሕጉ ቀላል ነው። ልብሱ ታጥቦ ይመጣል፣ የተቀደደው ቦታ ላይ ስፒል ይሰካበታል፣ የማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ በብጣሽ ወረቀት ይጻፋል። ያልታጠበ ካልሲ እጄ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። ቅርጫቱን የምከፍተው ደግሞ በተወሰነ ምሽት ነው እንጂ «እማዬ አሁን» በተባልኩ ቁጥር አይደለም። ጥገናውን በልብስ ዓይነት ሳይሆን በክር ቀለም ነው የምደረድረው። ጥቁር ክር አንዴ ገብቶ ጥቁሩ ሁሉ ያልቃል፣ ከዚያ ነጩ፣ ከዚያ ሰማያዊው። ክር ማውጣትና ማስገባት ስንት ጊዜ እንደሚበላ ያኔ ይገባሻል።

የጂንስ ነገር ግን ለብቻው ይጠራል፣ መቼም ልጆች ካሉ ጂንስ ማሳጠር አይቀርም። ማሽኑ የሚያስቸግረው የጎኑ ስፌት ሲደርስ ነው፤ እዚያ ላይ ጨርቁ ተደራርቦ ጉብታ ይሠራል። ቁጥር 100 የጂንስ መርፌ አድርጊ፣ የስፌቱን ርዝመት ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጊው። ጉብታውን ከመስፋትሽ በፊት ጨርቅ ሸፍነሽበት በመዶሻ ቀጥቅጪው፤ አዎ፣ በመዶሻ። የማሽኑ እግር፣ ጨርቁን የሚጫነው ብረት፣ ጉብታው ላይ ሊወጣ ሲል አፍንጫው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ያኔ ከእግሩ ኋላ የታጠፈ ቁራጭ ጂንስ አስገቢለትና ይስተካከላል። ጥቂቶቹን ስፌቶች በእጅሽ መዘውሩን እያዞርሽ እለፊ። ሲወርድ ደግሞ ቁራጩን ከፊት ለፊቱ አድርጊለት። መርፌ አይሰበርም፣ መስመሩም አይዘልም።

ባለቤቴ ማሽኑ ሲጮህ ቴሌቪዥን አልሰማም ይል ነበር። አሁን ሁለታችንም ሰዓታችንን አውቀናል። ማሽን በማይሠራበት ሰዓት ፓተርን እቆርጣለሁ፣ በስፒል እይዛለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ በእጅ እቀመቅማለሁ። ስፌት ሁሌ የሁለት ሰዓት ባዶ ጊዜ አይፈልግም። ሃያ ደቂቃ ካለሽ አንድ እጅጌ ይገባል። የግድ የሚያስፈልገው ማሽኑ ሳይነሳ የሚቆይበት ጥግ ነው። በየቀኑ አውጥቶ መመለስ ካለ፣ መጀመሪያ የሚሞተው ፍላጎትሽ ነው። የጨርቅ መቀስሽን ደግሞ ደብቂ! ወረቀት ያደነዝዘዋል፣ የትምህርት ቤት ሥራ ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ መቀስ የማይፈልግ የለም።

ለልጆች መስፋትን በተመለከተ፣ ካልጠየቁሽ አትስፊ። ሲጠይቁሽ ጨርቁን ራሳቸው ይምረጡ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዓይንሽስ እንዴት ነው? አልጠየቅሽም፣ ግን በዚህ ዕድሜ ቅርብ ማየት ይቸግራል፤ ከአርባ በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ እንደ ልብ አይተጣጠፍምና የተለመደ ነው። እኔ ስፌት ሰለቸኝ ስል ከርሜ፣ መነጽር ሳደርግ ሙዴ ተመለሰ። ከማሽኑ አምፖል ሌላ ከጎን የሚመጣ መብራት ጨምሪ። ክር ስታስገቢ ጫፉን በሰያፍ ቁረጪና ከመርፌው ቀዳዳ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዢ፣ ቀዳዳው ይታይሻል። ጥቁር ጨርቅ ደግሞ በቀን ብርሃን ብቻ ስፊ።

ኦቨርሎኩን በተመለከተ፣ አሁን አትግዢ ነው የምለው። ኦቨርሎክ ጠርዙን እየቆረጠ በሦስት ወይም በአራት ክር ይዘመዝማል፣ ፈጣን ነው፣ ውስጡ እንደ ሱቅ ልብስ ልቅም ይላል። ግን ዚፕ አይገባበትም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አይሠራም፣ ያለሽን ማሽን አይተካም። ማሽንሽ ዚግዛግ ካለው ለጠርዝ ይበቃሻል። ስስ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ የሁለቱን ቁራጮች የውስጥ ገጽ አገናኝተሽ ስፊ፣ ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሚ፣ ገልብጪና ከውስጥ በኩል በድጋሚ ስፊ። ጥሬው ጠርዝ መሐል ላይ ተቀብሮ ይቀራል፣ ከኦቨርሎክም ያምራል። ቅርጫትሽን አይተሽ የሚሳብ ጨርቅ ከበዛበት ግን፣ ማለትም ቲሸርት፣ ሹራብና የስፖርት ሱሪ ከሆነ ቤቱ የሚለብሰው፣ ያኔ መግዛቱ ያዋጣሻል። ልትገዢ ስትሄጂ ሻጩ ክሩን በሙሉ እንዲያወጣው ጠይቂና አንቺው ራስሽ እዚያው መልሰሽ አስገቢው። የታችኛው ሉፐር፣ ማለትም ከሥር ክሩን የሚያጠላልፈው መንጠቆ፣ ክሩ እዚያው ካስቸገረሽ፣ ቤትሽ ምሽት ላይ ደክሞሽ ምን እንደሚያደርግሽ አስቢው፤ ሌላ ሞዴል አሳየኝ በዪ።