«ጭጋግ ብቻ ነው የታየኝ» ላልሽኝ ልጅ

ጥያቄሽ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። «ጋሼ፣ ኤም 51 የሚባለውን ጋላክሲ በቴሌስኮፕ አየሁት፤ ጭጋግ ነገር ነው። ጥርት ያለ ፎቶ ስልኬ ላይ እያለ ብርድ ላይ መቆም ምን ያደርግልኛል?» ነበር ያልሽኝ።

ፎቶውን እኔም እወደዋለሁ። ሃብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አንስቶት በፈረንጆቹ 2005 የወጣውን ማለቴ ነው። ቢጫው መሃል ያረጁ ከዋክብት መኖሪያ ነው። ክንዶቹን ሰማያዊ ያደረጓቸው ወጣትና እጅግ ሞቃት ከዋክብት ናቸው፤ ሮዝ ነጠብጣቦቹ ደግሞ እነሱ ያጋሉት ሃይድሮጂን። የእኛ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም። ስለዚህ ያየሽው ልክ ነው።

ፎቶ ግን ያለፈ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ እዚያ ጋላክሲ ውስጥ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ፣ ታየ። ብርሃኑ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ መድረሱ ነው። እኔ ወሬውን ስሰማ አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ እየገባ ነበር። ማታ ማታ ቴሌስኮፑን ግቢ አውጥቼ ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛ ትወጣና «ኧረ ግባ፣ ሳንባህን ትታመማለህ» ትለኛለች። አንድ ማታ ሰሜኑ ተከፈተ። ላስቲኩን ገፈፍኩ፣ ትልቁ ድብ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ጭራ አገኘሁ (ጋላክሲው እዚያው አጠገብ ነው)፣ ዓይኔን ሳላስጠጋ ደመናው መልሶ ዘጋው። መስከረም ሲጠባ ጋላክሲው ምሽት ላይ ወደ አድማሱ ወርዷል፣ ኮከቡም ደብዝዟል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሰማይ ተመራማሪው ሎርድ ሮስ የዚህን ጋላክሲ ጠመዝማዛ ክንዶች በእጁ የሳለው በፈረንጆቹ 1845 አየርላንድ ውስጥ ነው። በጋላክሲ ላይ ጠመዝማዛ ቅርጽ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። የቴሌስኮፑ መስታወት ስፋት 1.8 ሜትር ነው፤ የአገሩ ሰማይ ግን ከእኛ ክረምት ብዙም አይሻልም። የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ ብዙ ታውቃላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይታችሁ ግን ትተዋላችሁ። ይሄ ያናድደኛል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሰማዩ ሳይዘጋ ውጪ። ከትልቁ ድብ ጭራ ጫፍ ኮከብ ወደ ደቡብ ምዕራብ 3 ዲግሪ ተኩል ያህል ሂጂ። ያን ቀን ፎቶውን ጭራሽ አትክፈቺው። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ታገሺ። አንድ ሳይሆን ሁለት ጭጋግ ታያለሽ፤ ትንሹ በስበቱ ትልቁን የሚጎትተው ጎረቤቱ ጋላክሲ ኤንጂሲ 5195 ነው። ሁለቱንም በእርሳስ ሳዪያቸው፤ በዙሪያቸው ያሉትን ከዋክብት አትዝለዪ፣ ቀኑንም ጻፊ። በወሩ ስትመለሺ አዲስ ነጥብ መኖሩን የምታውቂው ከዚያ ስዕል ጋር አስተያይተሽ ነው። እዚያው ጋላክሲ ውስጥ በፈረንጆቹ 2005 የታየውን ሱፐርኖቫ ያገኘው ጀርመን ያለ አማተር የሰማይ ተመልካች ነው።