እናትሽ መርሳት ከጀመሩ ስለ ቅጠል ጭማቂው ከኔ ልምድ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ እናትሽ መርሳት ጀምረዋል፣ ሰፈራችሁ ደግሞ ከዕፅዋት የተጨመቀ ነገር አልዛይመር ይከላከላል ተብሎ እየተሸጠ ነው፣ ልስጣቸው ወይ ነው ያልሽው። እኔ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ አባቴ የመርሳት በሽታ አለበት የማስታምመውም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምም የማውቀውን ልንገርሽ።

ሳታስመረምሪ ምንም እንዳትሰጫቸው!! የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ወድቀው ተመትተው ከሆነ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ የተቋጠረ ደም፣ እነዚህ ሁሉ ያስረሳሉ ግን ይታከማሉ። የአባቴ ሐኪም ገና ሲያየን የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ አለን፣ ይዘን ሄድን፣ ውስጡ ለእንቅልፍ ብሎ የለመደው ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ተገኘ። አሴቲልኮሊን የሚባል ለማስታወስ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ አለ፣ ይሄ መድኃኒት ደግሞ የሱን ስራ ይዘጋል። ሲያቆም መርሳቱ አልጠፋም ግን ማታ ማታ የሚያወናብደው ነገር በጣም ቀለለለት።

ቅጠል ሁሉ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም እሺ። ጋላንታሚን የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት ራሱ ከአበባ የተገኘ ነው፣ ቡልጋሪያ ውስጥ በ1950ዎቹ ከአበባ አውጥተው ሰሩበት፣ አሜሪካ ለአልዛይመር የፈቀደችው በ2001 ነው (በፈረንጆቹ)። አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ግን በሚሊግራም ተለክቶ ከትንሽ ተጀምሮ ነው የሚሰጠው ምክንያቱም ያስመልሳል የልብ ምትም ያዘገያል፣ እንደዛም ሆኖ ምልክቱን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ሰፈራችሁ በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠውን ግን ማን ለካው? የትኛው ተክል ነው፣ ቅጠሉ ነው ስሩ፣ ከምን ጋር ተቀላቀለ? ሻጩን እስቲ ጠይቂው።

«በጥናት ተረጋግጧል» ሲሉሽም በማን ላይ በያቸው። አብዛኛው በአይጥ ወይ በላብራቶሪ ሴል ላይ ነው፣ እርድ እንኳን ላብራቶሪ ላይ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ስንጠጣው ግን ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ጊንኮ የሚባለውን ከዛፍ ቅጠል የሚሰራ ክኒን እህቴ ከአሜሪካ ልካልን ነበር፣ ሳንከፍተው ፋርማሲስት ጠየቅን፣ አባቴ አስፒሪን ስለሚወስድ ደም ያፈሳል ብላ ከለከለችን። በኋላ ሳነብ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እድሜያቸው 75 እና ከዛ በላይ የሆኑ 3069 ሰዎች ላይ ሞክረውት ግማሹ በቀን ሁለቴ 120 ሚሊግራም ጊንኮ ግማሹ ባዶ ክኒን ለአመታት ወስደው፣ ውጤቱ በ2008 ሲወጣ የመርሳት በሽታን አልከላከለም። ያ እንግዲህ በደንብ የተመረተው ነው።

ቡና ላይ ጤና አዳም ጣል ማድረግ፣ ወጥ ውስጥ እርድና ጥቁር አዝሙድ፣ እሱን ማንም አይከለክላቸው የለመዱት ነው። ተጨምቆ የጠነከረው ነው ሌላ ነገር የሚሆነው።

ለኛ ቤት የጠቀመንን ልንገርሽ። ግፊቱን በየጊዜው ማስለካት፣ ጆሮውን ማሳየት (ስንናገር ረሳ የምንለው ግማሹን ሳይሰማ ነው ለካ)፣ በየቀኑ በእግር ማንሸራሸር። በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ሪፖርት ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮና የአይን መድከም፣ ብቸኝነት እነዚህን የመሳሰሉ 14 ነገሮች ቢስተካከሉ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይ ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል፣ ይሄን የሚያህል ነገር ያሳየ ጭማቂ እኔ አላየሁም። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደግሞ ብሎኩ ሁሉ አንድ አይነት ስለሆነ በሩን በቀለም ለይታችሁ ቀቡላቸው፣ ስልክ ቁጥርሽን ኪሳቸው ውስጥ ክተቺ።

ለጭማቂው ያሰብሽውን ብር ለቢ12 እና ለታይሮይድ ምርመራ አውዪው። ገዝተሽ ከሆነም ጠርሙሱን ከነመድኃኒቶቻቸው ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪው፣ በተለይ ዋርፋሪን ወይ ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አንድ ማንኪያም እንዳትሰጫቸው።