«አንገቴ ነው» ስል «እጅህ ነው» አሉኝ

ጥያቄ፦ ሐረር፣ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት መኪና ላይ ከተቀመጥኩ 19 ዓመቴ ነው። በቅርቡ ባለሙያዎች በየሱቁ እየዞሩ መጠይቅ ሲያስሞሉ የሰው ስዕል አሳዩኝና የሚያምህን ቦታ ንገረን አሉኝ። እኔም አንገት፣ ትከሻ፣ እጅ፣ ሁሉንም አልኩ። ከዚያ ለምርመራ ተጠራሁ። ሐኪሙ አንገቴን አዟዟረ፣ እጄን አጣጠፈ፣ ራጅ እንኳ ሳያነሳኝ «ችግሩ የእጅ አንጓህ ነው» አለ። እኔን የሚብስብኝ ግን ማጅራቴ ነው! ሌሊት ደግሞ ጣቶቼ ደንዝዘው ይቀሰቅሱኛል። ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሂድ» ይሉኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ማንም አልተሳሳተም። መጠይቁና ምርመራው የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው።

ስዕል ያለበት ወረቀት ካልክ፣ ኖርዲክ የሚባለው መጠይቅ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፣ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ሰውነትን 9 ቦታ ይከፍልና ባለፉት 12 ወራት አሞህ ነበር ወይ፣ ከሥራ አስቀርቶህ ነበር ወይ፣ ባለፉት 7 ቀናትስ እያለ ይጠይቃል። የበሽታ ስም አይሰጥም። አንተም ደንበኛ ሲመጣ ልኬት ትወስዳለህ እንጂ ወዲያው መቀስ አታነሳም አይደል? ደግሞ መልሱ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ዩኒፎርም ጣሪያ በነካበት ሳምንት የተጠየቀ ሰፊና ገበያው በቀዘቀዘበት ወር የተጠየቀ ሰፊ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ተቀጣሪ ከሆነማ አሠሪው አጠገቡ ቆሞ «ያመኛል» ለማለትም ድፍረት ይጠይቃል።

ሐኪሙ ሲነካካህ የነበረው ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ ነው። ጭንቅላትህን ወደሚያምህ ጎን አዘንብሎ ከላይ ቀስ ብሎ ሲጫን ሕመሙ ወደ ክንድህ ከተወረወረ፣ ነርቩ የተነካው አንገት ላይ ነው ብሎ ይጠረጥራል (ይቺን ቤት ውስጥ አትሞክራት፣ አደራ)። ቀጥሎ የእጆችህን ጀርባ አጋጥመህ አንጓህን አጥፈህ 1 ደቂቃ ያህል እንድትቆይ ያደርግሃል። ጣቶችህ መደንዘዝ ከጀመሩ፣ አንጓው ውስጥ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ነርቩ ተጨንቋል ማለት ይሆናል። አንጓውን በጣቱ ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፣ የአውራ ጣትህን ጉልበትና ከሥሩ ያለው ሥጋ መሟሸሽ አለመሟሸሹን ያያል። አንዱ ፈተና ብቻውን ያሳስታል፣ ለዚህ ነው ብዙ የሚደረገው።

እስቲ ዛሬ ሌሊት ስትነቃ መብራት አብራና ልብ በል፦ የደነዘዙት የትኞቹ ናቸው? አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከሆኑ፣ ትንሿ ደህና ከሆነች፣ እጅህን ስታራግፈው ደግሞ ቀለል ካለህ፣ ሐኪሙ ልክ ነው። ትንሿ ጣት ዋነኛዋ ከሆነች ግን ነገሩ ከክርን ወይም ከአንገት ሊሆን ይችላልና ተመልሰህ ንገረው።

ራጅ ያላነሳህ ንቆህ አይደለም። ራጅ አጥንት እንጂ ነርቭ አያሳይም። በዚያ ላይ ምንም የማያመው ሰው አንገት ራሱ በዕድሜ የተበላ ሆኖ ይታያል።

የማጅራትህ ሕመምም የውሸት አይደለም። ቀኑን ሙሉ መርፌዋ ላይ አቀርቅረህ ስትውል የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ይደክማል፣ የአንጓውም ሕመም ወደ ላይ እስከ ትከሻ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩብህ ይችላሉ። «ለማጅራቴስ ምን አገኘህ?» ብለህ ጠይቀው፣ መብትህ ነው።

እስከዚያው ሌሊት አንጓህን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አድርገህ ተኛ፣ ወንበርህን ከፍ ዝቅ አድርገህ ሞክር፣ ስኳርህንም ተመርመር፣ ስኳር ያለበት ሰው ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ወጌሻ ትከሻህን ቢያሽህ አልጣላህም፣ አንገትህን ግን እንዳያዞረው። እግርህ ከከዳህ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ፀጉር ቤት እሠራለሁ። አውራ ጣቴ ሥር በጣም ያመኛል። ቲክቶክ ላይ የጅማት በሽታ መፈተሻ ነው ሲሉ እንዳየሁት አውራ ጣቴን በጭብጤ ውስጥ ይዤ አንጓዬን ወደ ትንሿ ጣት ሳጥፈው ጮህኩ። በሽታው አለብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ነገር ጤነኛውንም ትንሽ ያመዋል። በሌላኛው እጅሽም ሞክሪውና አወዳድሪ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ከሆነ፣ አውራ ጣት ሥር ስትጫኚውም የሚያምሽ ከሆነ፣ የጅማት ሽፋን ቁጣ ሊሆን ስለሚችል ታዪ። በቅርብ ወልደሽ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሕፃን ብብቱን ይዞ ከፍ ዝቅ ማድረግም ያመጣዋል፣ ጥፋቱ የፀጉር ማድረቂያው ብቻ ላይሆን ይችላል።