ሴት መርማሪ ያለችበትን ታሪካዊ ልብ ወለድ ስለ ማንበብ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዝ ስለምትኖር ሴት መርማሪ የሚተርክ ፈገግ የሚያሰኝ ልብ ወለድ ጀምረው፣ የዘመኑን ታሪክ ስለማያውቁ ማቋረጥ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አያቋርጡት። እኔም ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ የዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጬ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ሳነብ፣ ጥቂት ነገር ማወቅ ብቻ እንደሚበቃ ተረድቻለሁ። በእንግሊዝ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑና የንብረት መስፈርት ያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1918 ሲሆን፣ ከወንዶች ጋር የተስተካከሉት ግን በ1928 ነው፤ ስለዚህ መርማሪዋ ገዳዩን ከመፈለጓ በፊት ቃሏ እንዲታመን መታገል አለባት። ፖሊሶች የማይሰሙትን የሠራተኞች ወሬ እርሷ ከወጥ ቤት የምትሰማውም፣ ማንም እንደ መርማሪ ስለማይቆጥራት ነው፤ የመጽሐፉ ሳቅም ብልሃትም የሚፈልቀው ከዚሁ ነው። የማያውቁት ልብስ ወይም ማዕረግ ሲያጋጥምዎ ይለፉት፤ ማን ምን እንደተናገረ ግን በጥንቃቄ ይያዙ። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩትን እቴጌ ምንትዋብን ሳስብ፣ በእርሳቸው ዘመን የቤተ መንግሥት ምስጢር የምትፈታ ሴት በአማርኛ ተጽፋ ባነብ እጅግ እመኛለሁ።