አሳማ አርቢዎችና ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ሲሠሩ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዮዋ ነው፤ ሥራዬም ከአሳማ አርቢዎችና ከዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጤና ተመራማሪዎች ጋር ነው። ሁለቱ ወገኖች በትምህርትና በምርምር እንዴት እንደሚተባበሩ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አርቢው ነጋዴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት። የምርምሩ ገንዘብ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?

መልስ፦ ከሁለቱም። የመንግሥቱ ድርሻ ታሪኩ ረጅም ነው። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ መሬት ሰጥቶ ግብርናና ምህንድስና የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ፤ ሕጉን ቀድማ የተቀበለችው ግዛት አዮዋ ናት። በ1887 የምርምር ጣቢያዎች፣ በ1914 ደግሞ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ተጨመሩ። በዚህ ምክንያት አስተማሪው፣ ተመራማሪውና ገበሬው ደጅ ድረስ ሄዶ የሚያስረዳው ባለሙያ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

የአርቢው ድርሻ ቼክኦፍ ይባላል። በ1985 በወጣ ሕግ መሠረት አርቢው አሳማ ሲሸጥ ከየ100 ዶላሩ 35 ሳንቲም ይከፍላል፤ እስከ 2022 መጨረሻ 40 ሳንቲም ነበር። የአሳማ ሥጋ ከውጭ የሚያስገባም ይከፍላል። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የአሳማ ቦርድ ነው፤ የቦርዱን አባላት የሚሾመው የግብርና ሚኒስትሩ ነው። ገንዘቡ ለምርምር፣ ለትምህርትና ለገበያ ማስተዋወቅ ይውላል፤ በመንግሥት ፖሊሲ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር ማውጣት ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ክፍያው ግዴታ በመሆኑ ሁሉም ደስተኛ አይደለም። በ2000 በተሰጠ ድምፅ አብዛኞቹ ድምፅ ሰጪዎች ክፍያው ይቁም ብለው ነበር፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በመጨረሻም በስምምነት አልቆ ክፍያው ቀጠለ። እኔ ክፍያውን እደግፋለሁ፤ ድምፃቸው ሳይከበር የቀረባቸው አርቢዎች ቅሬታም ግን እውነተኛ ቅሬታ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ምርምር ከመጽሔት አልፎ አርቢው ግቢ የገባበትን አንድ ምሳሌ ስጠን።

መልስ፦ ፒኢዲ የሚባለው በሽታ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2013 ኤፕሪል አካባቢ በአሜሪካ ከዚያ በፊት ያልታየ የአሳማ ተቅማጥ ገባ። ትልቁን አሳማ ያከሳዋል እንጂ ብዙም አይገድለውም፤ ከተወለደ ሳምንት ያልሞላው ግልገል ግን ከያዘው አይተርፍም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የሞቱት ግልገሎች በሚሊዮን ነበር የሚቆጠሩት። ቫይረሱ ከተለየባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ኤምስ ከተማ የሚገኘው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ነው። ይህ ላቦራቶሪ ከዚያ በፊት በየቀኑ የአርቢውን ናሙና እየተቀበለ ባይኖር ኖሮ፣ አዲሱ በሽታ ከተለመደው ተቅማጥ ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ወራት ሊያልፉ ይችሉ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ በሽታው እንዴት ከእርባታ ወደ እርባታ ይዘላል የሚል ነው። ተመራማሪዎች አሳማ ጭነው ወደ ቄራ የሚገቡ ተሳቢዎችን መረመሩ። ንጹሕ ሆነው ከገቡት ውስጥ 5 በመቶ ያህሉ አሳማውን አራግፈው ሲወጡ ቫይረሱን ይዘው ወጡ። እስቲ አስቡት፤ አርቢው ግቢውን አጽድቶ፣ ሠራተኛውን አስታጥቦ፣ በሽታውን የሚያመጣበት ጤነኛ አሳማውን ሊሸጥ የላከው የራሱ መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ የተሳቢ አጠባበና አደራረቅ፣ የሾፌሩ ጫማ፣ ማራገፊያው ላይ ማን የት ድረስ ይራመዳል የሚለው ሁሉ የሥልጠና ርዕስ ሆነ። በ2015 ደግሞ ቀጣዩን በሽታ ቀድሞ የሚጠብቅ የአሳማ ጤና መረጃ ማዕከል ተቋቋመ። መነሻው 15 ሚሊዮን ዶላር የቼክኦፍ ገንዘብ ነበር።

ጥያቄ፦ ጂኑ የተቀየረ አሳማ ተፈቀደ ሲባል ሰማሁ። ዩኒቨርሲቲዎች እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው?

መልስ፦ ሥራው የተጀመረው እነሱ ዘንድ ነው። ፐርስ የሚባል የአሳማ በሽታ አለ፤ እርጉዟን ያስወርዳታል፣ የግልገሉን ሳንባ ይጎዳል። የአዮዋ ስቴት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያከስር ገምተዋል። ቫይረሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ክትባቱ ሙሉ መከላከያ አልሆነም። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲና የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጄነስ ከሚባለው የዘር አርቢ ኩባንያ ጋር ሆነው፣ ሲዲ163 የሚባለው ፕሮቲን የሌለው አሳማ በበሽታው እንደማይያዝ በ2015 መጨረሻ አሳተሙ። ቫይረሱ ወደ ሴሉ የሚገባው በዚያ ፕሮቲን በኩል ነው። ኩባንያው ሥራውን ከፕሮቲኑ ጥቂት ክፍል ብቻ ወደሚነካ ማስተካከያ አሻሽሎ ቀጠለበት፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2025 ኤፕሪል ፈቀደ።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝ ባለቤትነቱ ነው። ግኝቱ በሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ የሚሸጠው ግን አንድ ኩባንያ ነው። ያለ ኩባንያው ገንዘብ አሥር ዓመት የፈጀው የፈቃድ ሂደት እንደማይሳካ አውቃለሁ። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ውል ሲፈርሙ ትንሹ አርቢ ዘሩን የሚያገኝበትን መንገድ አብረው ሊጽፉበት ይገባል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከፋዩ ኢንዱስትሪው ከሆነ፣ ኢንዱስትሪውን የሚያስከፋ እውነት ይወጣል? እውነቱን ንገረን።

መልስ፦ ይወጣል፣ ግን በራሱ ጊዜ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ሰሜን ካሮላይናን ልንገራችሁ። እዚያ የአሳማ ፍግና ሽንት የሚጠራቀመው ላጉን በሚባሉ ክፍት ኩሬዎች ነው። በ1999 ፍሎይድ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ብዙዎቹ በጎርፍ ተዋጡ፣ ፍሳሹም ወንዝ ገባ። በ2000 የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ስሚዝፊልድ ከሚባለው ትልቅ የአሳማ ሥጋ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ ኩባንያው 15 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፣ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላጉኑን የሚተካ ቴክኖሎጂ አጥንቶ እንዲያቀርብ ተወሰነ። ጥናቱ ቀልድ አልነበረም። በርከት ያሉ ዘዴዎች በእውነተኛ እርባታ ላይ ተሞክረው በአካባቢ መመዘኛው ያለፉ ተገኙ። ነገር ግን ስምምነቱ ሌላም ሚዛን ነበረው፤ ወጪው አርቢው የሚችለው መሆን አለበት ይላል። በዚህኛው ሚዛን ለነባር እርባታዎች የሚሆን አልተገኘም። በ2007 አዲስ ላጉን ተከለከለ፤ የነበሩት ቀሩ።

ተመራማሪዎቹ የዋሹት ነገር የለም። ውጤቱን የወሰነው ከጥናቱ በፊት የተጻፈው መመዘኛ ነው። ስለዚህ የምርምር ውል ስታዩ መጀመሪያ የምታነቡት የገንዘቡን መጠን ሳይሆን ጥያቄው እንዴት እንደተቀረጸ ይሁን።

በዚያው ግዛት ስቲቭ ዊንግ የተባሉ የሕዝብ ጤና ተመራማሪ ነበሩ። እርባታዎቹ የተከማቹት ድሆችና ጥቁር አሜሪካውያን በሚበዙበት አካባቢ መሆኑን፣ ጎረቤቶቻቸውም በሽታ እንደሚበዛባቸው አሳዩ። የአሳማ አርቢዎቹ ማኅበር ጠበቆች የጥናቱን መዛግብት አምጡ አሏቸው። እሳቸው ያነጋገሯቸውን ሰዎች ማንነት ሸሽገው ሰነዱን ሰጡ፣ ሥራቸውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቀጠሉ። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከኢንዱስትሪው ጋር የሚሠራ እንዳለ ሁሉ፣ ከኢንዱስትሪው ምንም የማይቀበልም ሰው መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ሥጋ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ እንደኔ ብዙ ሐበሻ አለ። ከቢላዋው ወጥቼ በዚህ ሙያ መማር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ። በ2020 ኮሮና ፋብሪካው ውስጥ ሲሰራጭ የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ሰነድ ላይ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሠራተኞቹ ከሚናገሯቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች መካከል ነበሩ። ስለዚህ ብዙ መሆናችሁ የታወቀ ነው። ከአንተ በስተሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ብሩኪንግስ ከተማ የሳውዝ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ2016 የተከፈተ የአሳማ ማስተማሪያና ምርምር እርባታ አለው። የእንስሳት ሕክምና መማር ለሚፈልግም ሁለት ዓመት እዚያ፣ ሁለት ዓመት ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚማርበት መርሐ ግብር ተጀምሯል። ዲግሪ ገና ሩቅ ከሆነ ፒኪውኤ ፕላስ ከሚባለው የአርቢዎች ሥልጠና ጀምር፤ የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፣ የምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። በእርባታ ሥራ ለመቀጠር በጣም ይጠቅማል። በአማርኛ ግን የለም፤ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። የአሳማ ምርምር ላይ ብሠራ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን የሚመልሱልሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፦ በዚህ ሙያ ሥጋውን ቀምሰው የማያውቁ ሙስሊምም ክርስቲያንም ባለሙያዎች አሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ቅመሺ የሚልሽ የለም።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህ አሳማ ማርባት ክልክል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የ1962ቱ ሕግ ከተወሰኑ የሰሜን አካባቢዎች በስተቀር ይከለክላል፤ ለሳይንስ ምርምር ግን ይፈቅዳል። ኔጌቭ በረሃ ያለው ላሃቭ የሚባለው ኪቡትስ (የጋራ መንደር) የእንስሳት ምርምር ተቋም ያለው በዚህ ፈቃድ ነው። የአሳማ ልብና ቆዳ ከሰው ጋር ስለሚቀራረብ ለሕክምና ምርምር ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ እኛ አገር አሳማ የሚበላው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ አሳማውም ቢሆን ጨርሶ አይመለከተንም ማለት አይቻልም። የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ በሳይንስ መጀመሪያ የተገለጸው በ1921 ከኬንያ ነው። በኢትዮጵያ ከ2011 እስከ 2014 ከታመሙ አሳማዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይም ከዚያ በፊት ያልታወቀ፣ 23ኛ ተብሎ የተመዘገበ የቫይረሱ ዓይነት ተገኝቷል። ዓለምን የሚያሳስብ በሽታ አዲስ ዝርያ እኛ ጋ መገኘቱ የእኛን ላቦራቶሪዎች አስፈላጊነት ያሳያል።

እኔን የበለጠ የሚያጓጓኝ ግን ዶሮ ነው። ቢሾፍቱን ተመልከቱ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም እዚያ ነው፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው፣ ዶሮ አርቢው ደግሞ ዙሪያውን ሞልቷል። ፈንግል ወይም ጉምቦሮ የሚባለው የዶሮ በሽታ ሲገባ ግን እያንዳንዱ አርቢ ለብቻው ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ገበያ እንዳይቀርበት ይደብቃል። የአንድ ቀን ጫጩት ሲሸጥ በጣም ትንሽ ሳንቲም ተቆርጣ፣ አርቢዎቹ ራሳቸው በሚመርጡት ቦርድ በኩል ለምርመራና ለሥልጠና ብትውል ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ አስቡ። ገንዘቡ የአርቢው ሲሆን ተመራማሪውም የአርቢውን ጥያቄ ይዞ ይነሳል።

ጥያቄ (ከዚሁ ተያይዞ የመጣ)፦ አርቢ በሽታዬን ለዩኒቨርሲቲ እናገራለሁ ይላል ብለህ ነው? ተፎካካሪው ቢሰማስ?

መልስ፦ አሜሪካም ይኸው ፍርሃት ነበር። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቦብ ሞሪሰን የተባሉ የእንስሳት ሐኪም በ2011 የጀመሩት ሥራ አለ፤ በ2017 ካረፉ በኋላ በስማቸው ይጠራል። እርስ በርስ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው በየሳምንቱ የትኛው እርባታቸው በፐርስ እንደተያዘ ለዩኒቨርሲቲው ይነግራሉ። የሚወጣው ዘገባ የሁሉንም ድምር እንጂ የማንንም ስም አያሳይም። ዛሬ ከአገሪቱ እናት አሳማዎች ከግማሽ የሚበልጡት በዚህ መዝገብ ውስጥ ናቸው።

ቢሾፍቱ ላይም ሲጀመር ሦስት ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር፦ መዝገቡ ኮሌጁ ዘንድ ይቀመጥ፣ እርባታው በቁጥር እንጂ በስም አይመዝገብ፣ መረጃ የሰጠ ሁሉ ሳምንታዊውን ዘገባ ከሌላው ቀድሞ ያግኝ። በአንድ በሽታ ይጀመር፤ እኔ ብሆን በፈንግል እጀምር ነበር፣ አርቢው ሁሉ ስሙንም ጉዳቱንም ያውቀዋልና።