ጌጥ ስለሚበዛበት ቤት ጠይቁኝ

ማክሲማሊስት ስለሚባለው፣ ቀለምና ጌጥ ሆን ተብሎ ስለሚበዛበት የቤት አሠራር እስከ ማታ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ግድግዳችሁን ሳትመርጡ ዕቃ አትግዙ። ዋጋም አትጠይቁኝ።

የጀሞ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ የኮንዶሚኒየም ሳሎኔ ጠባብ ነው። ዕቃ ቢበዛበት አያፍንም?

መልስ፦ የሚያፍነው ወለል ላይ የተከመረ ዕቃ ነው። ሐረር ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ ያለውን የሐረሪ ቤት ተመልከቺ። ጊድር ጋር የሚሉት ዋናው ክፍል ግድግዳው በስፌት፣ በእንጨት ገበታና በኢናሜል ሳህን ተሞልቶ እንኳ ገብተሽ ስትቀመጪ አየር አያጥርሽም። ሶፋ የለም፣ ጠረጴዛ የለም፤ መቀመጫው ከቤቱ ጋር የተገነባው ነደባ የሚሉት መደብ ነው፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ቀሪው ዕቃ ግድግዳው ውስጥ በተሠሩ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች ይገባል። ስፌቱም በዘፈቀደ አይሰቀልም፤ ጥንዱ ከጥንዱ ጋር፣ በተለመደው ቦታው። ግድግዳው ነጭ፣ ነደባው ቀይ፤ ሌላውን ቀለም ሁሉ ስፌቱ ያመጣል። አንቺም ያንን ትልቅ ቡፌ አውጪና ግድግዳውን ሙዪ።

አዲስ ሙሽራ፦ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ክፍል? ፀሐይ በየት በኩል ይገባል? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

የሐረር ልጅ፦ የነደባው ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው። ጋሼ ይህን መዝለል አልነበረበትም።

አፈር ወዳድ፦ እንደዚያ ይባላል። ነደባው የሚቀባበት ቀይ አፈር ግን ከጦርነቱ በፊትም ነበረ።

የሐረር ልጅ፦ አፈሩ ነበረ፤ ትርጉሙን የሰጡት ሰዎች ናቸው። ከበሩ በላይ የሚቀመጠው ጥቅል ምንጣፍም ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል።

ድሬ፦ አክስቴ ቤት ሁለት ጥቅል አለ፤ ልጆቿ ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው።

መልስ፦ ስለ ድሬ አክስት ሌላ ቦታ ተነጋገሩ። ቀጣይ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በኪራይ ቤት ነኝ፣ ግድግዳ መብሳት አይፈቀድም። ሥዕሎቼም ብዙ ናቸው።

መልስ፦ ረጅም መደርደሪያ ግድግዳ አስጠግተህ ሥዕሎቹን እያደራረብህ አስደግፋቸው። ለንደን ውስጥ ያለውን የአርክቴክቱን የጆን ሶን ቤት ፈልገህ እይ፤ በአንዱ ክፍል ግድግዳው ራሱ እንደ መዝጊያ ይከፈታል፣ ከኋላው ሌላ የሥዕል ረድፍ አለ። ሰውየው በ1837 እ.ኤ.አ. ሞቷል፤ ስለዚህ ይህ ትናንት የመጣ ፋሽን ነው የሚለኝ እዚህ እንዳይመጣ። አምፖልህንም ቀይር። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ነጭ አምፖል ቀይና ወርቃማ ጨርቅን ያገረጣል፤ 2700 የሚለውን ውሰድ።

መጋረጃ፦ አቧራውስ?

መልስ፦ ይጠረጋል።

የሰሚት እናት፦ ቤቴ ጠባብ ነው፣ ዕቃ ቢበዛ አያጨናንቅም? በጠቅላላው ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። ስለ ብር አልመልስም ብያለሁ። ግድግዳ ሳይመርጡ ዕቃ አይግዙ፤ ያኔ ብሩም ይቀንሳል።

አናጢው፦ ብሎኬት ላይ ከባድ መስታወት እንዴት ይሰቀላል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ በመጨረሻ! ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ሚስማር አይጨብጥም፤ መስታወቱን ይዞ ይወርዳል። ለባዶ ብሎኬት የተሠራ፣ ከውስጥ የሚከፈት ፊሸር ይፈለጋል፤ ክብደቱም በአንድ ነጥብ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት ይከፈል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይ ወይም በታች ግን እንዳትበሳ፤ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው።