«ጠንካራዋ» ተብዬ እንቅልፍ አጣሁ

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ2ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ አንዷ ከፍቅረኛዋ ስትጣላ፣ ሌላዋ ሚድ ሲበላሽባት መጥተው የሚያለቅሱት እኔ አልጋ ላይ ነው። አባብዬ፣ ሻይ አጠጥቼ አስተኛቸዋለሁ። «አንቺን እኮ ምንም አይነካሽም» ይሉኛል። እማዬ ስትደውልም «እንዴት ነሽ?» ብላ ሳትጨርስ «ደህና ነኝ» እላታለሁ፤ የታናናሾቼ ወጪ ይበቃታል።

ከገና ወዲህ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እባንናለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ጣሪያ ማየት ነው። ላይብረሪ ገብቼ አንዱን ገጽ ደጋግሜ ባነበውም አይያዘኝም። ጂፒኤዬ ወርዷል፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሚያስቀው፣ ፍሬሽማን እያለሁ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ላይ ስለ ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ ተምረን ኤ ነው ያገኘሁት። ስሜቱን የሚቆጣጠር ሰው ጭንቀት አይደፍረውም ብዬ ነበር። የኔ ምን ሆኖ ነው?

ጠንካራዋ

እህቴ ጠንካራዋ፣

ኤሽን ማንም አይነጥቅሽም፤ ግን የተካንሽው ስሜትን መዋጥ እንጂ መቆጣጠር አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሐሳቡን በጥናት ያቀረቡት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር ስሜታዊ ብልህነት (የተማርሽው ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ) ሲሉ የሌላውንም የራስንም ስሜት መለየትን ይጨምራሉ። የሌላውን ታውቂበታለሽ፤ ያቺ ልጅ በሩን ስትከፍት ገና ፊቷን አይተሽ ይገባሻል። የራስሽ ሲሆን «ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

ንባቡ አልያዝ ያለሽም ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቹ ሰዎችን የሚረብሽ ነገር እያሳዩ ስሜታቸውን ፊታቸው ላይ እንዳያሳዩ ሲያዟቸው፣ ፊታቸው ጸጥ ቢልም ውስጣቸው አልቀለለም። ሰውነታቸው ይበልጥ ተወጥሯል፤ የቀረበላቸውንም ካልታዘዙት ባነሰ ነው ያስታወሱት። ፊትን መጠበቅ ራሱ አእምሮን ሥራ ያስይዛል። እኛ ዘንድ ደግሞ «ቻይ ናት» ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ ይህቺን ሙገሳ አልወዳትም።

ዛሬ ማታ ደብተር አውጪና የሚሰማሽን ጻፊ፤ «ጨንቆኛል» ብቻ አይበቃም። የሚያስፈራሽ መባረር ነው? እናትሽ ፊት ማፈር ነው? ወይስ አልጋሽን ለቅሶ ቤት ያደረጉት ልጆች አናደውሻል? (እኔ ብሆን እናደድ ነበር።) የመባረር ፍርሃት ከሆነ አድቫይዘርሽ ጋ ሄደሽ ስንት ብታመጪ እንደምትድኚ ይሰላል። ንዴት ከሆነ «ዛሬ አልችልም፣ ነገ እናውራ» ማለት ልመጂ። ለእናትሽም ሁሉን መዘርዘር የለብሽም፤ «ይሄ ሴሚስተር ከብዶኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል» ካልሻት ይበቃል።

ይህ ግን ሕክምናን አይተካም። ስሜታዊ ብልህነታቸው ከፍ ያለ ተማሪዎች በአብዛኛው ጭንቀትና ድባቴ እንደሚቀንስላቸው ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ይሁንና የተጨነቀ ሰው ራሱ ስሜቱን መለየት ስለሚያቅተው የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ቀላል አይደለም። የአንቺ እንቅልፍ ማጣት ከገና ወዲህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት የግቢው ክሊኒክ ወይም የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ሂጂ፤ የልብ ምቱንም ንገሪያቸው። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ከዶርም ልጆች አንዷን ቀስቅሺና አብራሽ ወደ ሐኪም ትሂድ።